የሚያነክስ መዘውር

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ብርቄ ቤት ምሳ በልተን ስንመለስ የመኪናችን ጣሪያ ላይ አንድ ተወዛዋዥ ወንበር ታስሮ ነበር። እትዬ ብርቄ የባለቤቴ የሰናይት አክስት ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ ከኛ ብዙ ሳይርቁ ነው። ወንበሩ እሳቸው ቤት መስኮት ሥር፣ የረፋድ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበር። ቁጭ ብዬ ትንሽ ተወዛወዝኩበትና «እንዴት ደስ የሚል ወንበር ነው» አልኩ። እሳቸው «ውሰደው፣ ላንተ ይሁን» አሉ። እኔም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ገመድ ፍለጋ ወጣሁ።

 ሰናይት አፏን የከፈተችው በራችን ላይ ፓርክ ካደረግኩ በኋላ ነው።

«አንዴ እንኳ እምቢ አይባልም?»

«ውሰደው አሉኝ እኮ።»

«እና ሰው ውሰደው ሲልህ ትወስዳለህ?»

«ካልፈለጉ ለምን ይሉኛል?»

«አንተ ሰውዬ የት ነው ያደግኸው? ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን የሚደግሙበት ወንበር ነው።»

ጆሮዬ ጋለ። ይህን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ ከጆሮዬ ጫፍ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ አንገቴ ይወርዳል። ሰው ሲሰጠኝ በመጀመሪያው ቃል እሺ ማለት የጀመርኩትም በዚሁ ሙቀት ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ነገሩም ወንበር ሳይሆን የዓሣ ማጥመጃ መዘውር ነበር።

በዚያ ዘመን የጋሽ ወርቁን ምድር ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ ማመላለስ ነው። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው በሚጠብቅባት ትንሽ ጊዜ ስልኬ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ሁሉም ነገር ግጥም ይመስለኝ ነበር፤ የሻንጣ ጎማ አስፋልት ላይ ሲንኳኳ ሳይቀር። አንድ ቦታ መቀመጥም አልችልም ነበር። የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ መኪናዬን አስነስቼ አንድ ቀን ወደ ተራራው፣ አንድ ቀን ወደ ሜዳው እነዳለሁ። 

ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ብርሃናቸውን ወሰደባቸው። በመጨረሻም ጥላና ብርሃን ብቻ መለየት ሲቀራቸው መንዳት አቆሙ። መኪናቸውን ግን አልሸጧትም። ከሥራ ስመለስ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ አገኛቸዋለሁ፤ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ ሬዲዮ ከፍተው፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው።

«የት ደረሱ ጋሽ ወርቁ?» እላቸዋለሁ።

«ኮልፋክስ ጎዳና ተዘጋግቷል» ይሉኛል። «ምን እንደምሆን እንጃ።»

አብረን እንስቃለን። ወደ ምድር ቤቴ ስወርድ ግን ሳቁ ደረጃው ላይ ይቀራል። ሴት ልጃቸው ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ሰመሩ ሲያልቅ መጥታ ልትወስዳቸው ተስማምተዋል፤ ቤቱም ይሸጣል። እስከዚያ ድረስ ከጋራዡና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አይሄዱም ነበር።

አንድ ምሽት እራት አብረን ስንበላ ዝዋይ ስላደጉበት ጊዜ አነሡልኝ። «ክር ጣሳ ላይ ጠቅልዬ ነበር ዓሣ የምይዘው» አሉ። «ዘንግ የለ፣ ምን የለ። ክሩን በጣቴ ነው የማዳምጠው። ዓሣው ልንካ አልንካ ብሎ ገና ሲያስብ አውቃለሁ።» ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። «ገና ሲያስብ» የምትለውን ሰርቄ ግጥም ውስጥ ከተትኳት። ግጥሙ አልረባም። ጣታቸው ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ደፍርሶ በሚወርድበት ሰሞን፣ ሊትልተን አካባቢ ወንዙን ይዤ ስሄድ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አየሁ። ከዛፎቹ እንደ ተነደፈ ጥጥ ያለ ነገር እየረገፈ ውሃውም መንገዱም ነጭ ለብሷል። ሬይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙዝ ሻይ ይጠጣል። ትውልዱ እንግሊዝ አገር ነው፤ የኮሎራዶ ሴት አግብቶ ሌክውድ ሲኖር አርጅቷል። እዚያ ወንዝ ላይ ሌላው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ትራውት የሚባለውን ቀጭን፣ መልከ መልካም ዓሣ ነው። ሬይ የሚፈልገው ካርፕን ነበር፤ ትልልቅ ቅርፊት ያለውን፣ ጭቃ የሚቆፍረውን፣ ሌሎቹ መንጠቋቸው ላይ ሲያገኙት የሚሳደቡበትን ዓሣ። ይዞም አይበላውም፤ አይቶት፣ አመስግኖት ይለቀዋል። ማንም የማይፈልገውን የሚፈልግ ሰው ለገጣሚ ልብ ቅርብ ነውና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ዘንጉ ላይ ያሠረውን ነገር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሴንተርፒን ይባላል አለኝ። የክር መጠቅለያ ነው፤ ሆኖም ጥርስ የለውም፣ ፍሬን የለውም፣ መሃሉ ላይ በገባች አንዲት ቀጭን ብረት ዙሪያ የሚሽከረከር ክብ ነገር ብቻ ነው። ክሩ ላይ የታሰረውን ተንሳፋፊ ቡሽ ወንዙ ይዞት ሲሄድ መዘውሩ በራሱ እየዞረ ክር ይለቃል። ማቆም ስትፈልግ ጠርዙን በአውራ ጣትህ ነካ ታደርጋለህ። ሬይ ዘንጉን አስያዘኝ፤ ወንዙ ጣቴ ላይ መጣ። ጠጠሩ፣ አዙሪቱ፣ ቡሹ የነካው ቅጠል፣ ሁሉም ይሰማል። ያን ጊዜ የጋሽ ወርቁ ጣሳ ትዝ አለኝ። ይህ ዓይን የማይጠይቅ ነገር ነው አልኩ። ሚኒሶታ ከመሄዳቸው በፊት አንድ እንዲህ ያለ መዘውር እጃቸው ላይ ማስቀመጥ አለብኝ።

ለሬይ «ለአንድ አጎቴ ልገዛለት ነው፤ ርካሽ ግን ደህና የሆነ ምን ልምረጥ?» አልኩት።

«ሁለት ነገር ብቻ እይ» አለኝ። «በጣትህ መታ አድርገህ ስታሽከረክረው ብዙ ይዙር። ሲዞር ደግሞ ከጎኑ ሆነህ ጠርዙን ተመልከት፤ ወዲያና ወዲህ ካለ ተወው። ቀለሙና ጌጡ አጥማጁን ለማጥመድ ነው የተሠራው።»

እንግልውድ ያለ አንድ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ሴንተር ምን?» ብሎ በፍሬንና በጥርስ የተሞላ ሌላ ዓይነት ሊሸጥልኝ ሞከረ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ደህናዎቹ ዋጋቸው ከቤት ኪራዬ ጋር ይፎካከራል። ርካሾቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ግን ስልክ ላይ ያለ መዘውር በጣት መታ አይደረግም። ሰው እያሽከረከረ የቀረጸውን ቪዲዮ አያለሁ፣ ገዢዎች የጻፉትን አነባለሁ። አንዱ «በሕይወቴ የገዛሁት ምርጥ ነገር» ሲል ከሥሩ ሌላው «ኩሽኔታው በሁለተኛው ቀን ያዘ» ይላል። አውቶቡሴ ውስጥ ግጥም መጻፍ ትቼ ስለ ኩሽኔታ ማንበብ ጀመርኩ።

እሁድ ዕለት ይህን ሁሉ ለሬይ ነገርኩት። ቡሹ ላይ እንዳፈጠጠ «እኔ ቤት ሁለተኛ አለኝ» አለ። «አሮጌ ነው፤ ግን ሲዞር ቅቤ ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ልስጥህ?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ከልቤ ቀድሞ «አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፤ አላስቸግርህም» አለ።

«እሺ» አለ ሬይ፤ ሻዩንም ቀዳ።

ጠበቅኩ። እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ቤት እንጀራ ሲጨመርልኝ በእጄ መሶቡን ከልዬ «በቃኝ» እንድል ነው፤ ከዚያ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ እኔ ደግሞ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እላለሁ፣ እንደገና «በሞቴ» ይላል፣ እጄ ይነሣል። የሬይን ሁለተኛ «ልስጥህ» እንደዚያ ጠበቅኩት። ቡሹ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ወረደ። በሚቀጥለው እሁድ «እስካሁን እየፈለግኩ ነው፤ አልተገኘም» ብዬ በር ከፈትኩለት። እሱ የዋህ «አይዞህ፣ ትዕግሥት ነው» ብሎ ስለ ጠርዝ አያያዝ ተጨማሪ ትምህርት ሰጠኝ። በሦስተኛው እሁድ ሰውየው ንፉግ ነው ብዬ ተቀየምኩት። የመኪናዬን በር ጠንከር አድርጌ ዘግቼ ሄድኩ። እሱ እጁን እያውለበለበ ሸኘኝ።

በዚያው ቂም አንዱን ገዛሁ። ሬይ ያስጠነቀቀኝን ሁሉ አሟልቶ የተሠራ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ወርቃማ፣ ፊቱ እንደ ጥልፍ የተበሳሳ። ከሳጥኑ አውጥቼ መታ ሳደርገው ዞረ። ከጎን ሳየው ግን ጠርዙ እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ አንድ ዙር በዞረ ቁጥርም «ጠቅ» ይላል። ቤት የሚመታ፣ ሐሳብ የሌለው ግጥም። ልመልሰው አሰብኩ፤ ግን ፍልሰታ ገብቷል፣ ልጃቸውም የምትመጣበትን ቀን ነግራቸዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ይዣቸው ወጣሁ። ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው፣ ቤዝቦል ኮፍያቸውን አድርገው፣ መኪናው ውስጥ እንደ ሾፌር ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በየመታጠፊያው የት እንዳለን ይነግሩኛል። «ሳንታፌ ድራይቭ ገባን አይደል? ግራውን ያዝ፣ ቀኝ ላይ ጉድጓድ አለ።» ጉድጓዱ አሁንም ነበር።

ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መዘውሩን እጃቸው ውስጥ ሳደርገው ዙሪያውን ዳሰሱት። «ጣሳ ነው እኮ!» አሉ፤ ፊታቸውም ፈካ። መታ አድርገው ጆሯቸውን አቀረቡ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ያነክሳል» አሉ።

«ትንሽ ነው።»

«ምንም አይደል። እኔም አላይም።»

መንጠቆው ላይ የቆርቆሮ በቆሎ እንደምሰካ ስነግራቸው ቆርቆሮውን ተቀብለው ሁለት ፍሬ ራሳቸው ቀመሱ። «ዓሣውም ጾመኛ ነው ማለት ነው» አሉ። ቡሹን ለቀቅነው። መዘውሩ እየተንገዳገደ ለቀቀ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። በተያዘ ቁጥር ቡሹ ውሃው ላይ ይቆምና ይጎተታል፤ እንዲህ ሲሆን ዓሣ አይነካም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሬይ ባልዲውን አንጠልጥሎ መጣ። አስተዋወቅኳቸው። ሬይ መዘውሩን አይቶ ቅንድቡን አነሣ።

«ይህን ገዛህ? እኔ ያንን ልስጥህ ብዬህ አልፈልግም አልከኝ እኮ።»

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ፤ በአማርኛ «ምንድን ነው የሚለው?» አሉ፤ በደንብ ሰምተዋል ግን።

«ጥሩ መዘውር ሊሰጠኝ ነበር።»

«እና?»

«እምቢ አልኩ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ ነው የጠየቀኝ።»

ሳቃቸው ከሆዳቸው መጣ። ኮፍያቸው ወደቀ። «አንተ ገጣሚ! ፈረንጅ አንዴ ነው የሚጠይቀው። ስንት ዓመት ተቀመጥክ እዚህ አገር? እኔ ታክሲ ላይ ጉርሻ ሲሰጡኝ መጀመሪያ ሰሞን ‹አይ፣ አይ› ስል ስንቱ ኪሱ መለሰው መሰለህ!» ጆሮዬ ጋለ፤ ሆኖም አብሬያቸው ሳቅኩ። ይህኛው ቀላል ኀፍረት ነበር።

ሬይ የራሱን ዘንግ እጃቸው ውስጥ አደረገ። መዘውሩ ሲዞር ድምፅ የለውም። ጋሽ ወርቁ አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ። አንገታቸው ትንሽ ዘንበል አለ። መኪና ማለፉን፣ ብስክሌት ማለፉን፣ እኔን ረሱ። ድንገት «እያሰበ ነው» አሉ። እኔ ቡሹን አያለሁ፤ ቡሹ አልተንቀሳቀሰም። «አሁን ወሰነ» ሲሉ ቡሹ ሰጠመ።

ካርፑ ወንዙን ይዞ ወረደ። መዘውሩ አፏጨ። ጋሽ ወርቁ ቆሙ፤ በጣታቸው እያባበሉ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ የት ትሄዳለህ» እያሉ፣ ብዙ ታግለው ወደ ዳር አመጡት። ሬይ በመረብ ሲያወጣው እርጥብ ጎኑን ዳሰሱት፤ እንደ ነሐስ የሚያበራውን ቅርፊት በጣታቸው አነበቡት። ለቀቁትና ተቀመጡ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። የሬይን ዘንግ አልመለሱም።

ሬይ «ያ መዘውር አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው» አላቸው። «ነገ ላምጣልዎት?»

«ኖ፣ ኖ፣ ሰር» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ቴንክ ዩ። ኖ።»

ያ አሁን የሳቁብኝ ሰው፣ እኔ ያልኩትን ያንኑ አሉ። አፋቸው ኖ ሲል አውራ ጣታቸው የሬይ መዘውር ላይ ነበር። ሬይ «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። በዚያ ወንዝ ዳር የሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ አልኩ፤ ዛሬስ አይደገምም አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ ፈጥኜ፣ «ደግመህ ጠይቃቸው» አልኩት። «እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። በጣም ይፈልጉታል፤ ግን ያፍራሉ። ሁለት ሦስቴ ስትጠይቃቸው እሺ ይላሉ።»

ሬይ ፊቱ ቀላ። ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ሕፃን እንደሚያነጋግሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እባክዎ ይውሰዱት። እባክዎ» አለ።

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ከመዘውሩ ላይ አነሡ። ቀስ ብለው ነው ያነሡት፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ አሁን ገና እንዳወቁ ሁሉ። ዘንጉን ወደ ድምፁ አቅጣጫ ዘረጉና ዘመናቸውን ሙሉ ከመንገደኛ ጋር በተነጋገሩበት ጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ «አመሰግናለሁ። ይህ ልጅ የገዛልኝ አለኝ» አሉ። ከዚያ እኔን፣ «የእኔን አቀብለኝ» አሉኝ።

እስከ ቀትር እያነከሰ በሚሄደው መዘውር አጠመዱ። አንድም ዓሣ አልነካቸውም። ሬይ ከእኛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው ሲወርድ ዕቃችንን ሰብስበን መኪና ውስጥ ገባን። በረዶ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ ብዙ ነዳሁ። ቤት ልንደርስ ስንል ተናገሩ።

«ራሱ ደግሞ ቢጠይቀኝ እሺ እለው ነበር።»

«አይጠይቅም ነበራ ጋሽ ወርቁ። አንዴ ነው የሚጠይቁት፤ እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

«ባይጠይቅ እምቢ ያልኩ ሰው ሆኜ እመለስ ነበር። አንተ ጠይቀው ካልከው በኋላ ግን ለማኝ ሆንኩ።»

ያን ቀን የመጣው ሙቀት ከአንገቴም ወርዶ ሆዴ ውስጥ ገባ። ይቅርታ ለማለት ሞከርኩ፤ እጃቸውን አነሡና «ተወው» አሉ። ያንን «ተወው» በዚያን ጊዜ እንደ ቁጣ ነበር የሰማሁት።

ልጃቸው እስክትመጣ ድረስ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ደግመን ሄድን፤ ሬይ ወደሌለበት፣ ወደ ላይኛው ወንዝ። ራሳቸው ናቸው እንሂድ ያሉት። በመጨረሻው ቅዳሜ አንዲት ትንሽ ካርፕ ያዙ። «ይህ ማንከሱ ጠቀመኝ» አሉኝ። «አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ጠቅ ሲል ክሩ ምን ያህል እንደሄደ አውቅበታለሁ። የፈረንጁ ዝም ነው የሚለው።» ይህን ያሉት እውነት ሆኖ ይሁን እኔን ለማጽናናት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚኒሶታ ስደውልላቸው «ያ አንካሳ እንዴት ነው?» እላለሁ፤ «እያነከሰም ይደርሳል» ይሉኛል። መዘውሩን ይጠቀሙበት ይሁን መሳቢያ ውስጥ ይኑር ልጃቸውን ጠይቄ ማረጋገጥ እችል ነበር። አልጠየቅኩም። እኔ ግን ከዚያ ሰመር ወዲህ ማንም ስለ እኔ «ደግመህ ጠይቀው» እንዳይል፣ ሲሰጡኝ ወዲያው እሺ እላለሁ።

እናም ወደ ወንበሩ ልመለስ። እሁድ ጠዋት እንደገና መኪናው ላይ ጫንኩትና እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆምኩ። ሰናይት መኪናው ውስጥ ቀረች። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

«ምን ሆነህ ነው? ሰጥቼህ!»

«ቤታችን አልገባ አለ እትዬ» ብዬ ዋሸሁ። «ሳሎናችን ጠባብ ነው።»

«ኧረ ውሰደው። መኝታ ቤት ይሆናል።»

«አይሆንም። በሩ ነው ያስቸገረው።»

«ውሰደው ብያለሁ! አሁን ይሄ ለኔ ምን ይሠራል?» አሉ፤ ይህን ሲሉ ግን የወንበሩን አንድ ክንድ ይዘው ወደ ቤት ውስጥ ይስቡት ነበር። እኔ ሌላውን ክንድ ይዤ፣ አፋቸውን ሳይሆን እጃቸውን ተከትዬ ገባሁ። መስኮቱ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ የወንበሩ ቅስቶች ያረፉበት ሁለት መስመር እንዳለ ነበር። እዚያው ላይ አስቀመጥነው። «አስቸጋሪ ነህ» እያሉኝ ተቀመጡበት።

በር ላይ ጫማዬን ሳደርግ የጋሽ ወርቁ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። ሬይም እንደ እኔ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እሱም ዓይን ነበረው። ያን ጊዜ አፌን ብዘጋ ኖሮ ምናልባት ጣታቸውን ያያት ነበር። መኪና ውስጥ ስገባ ሰናይት «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ውሰደው አሉ» አልኳት።